ከፊልሙ የተቆረጠችው ልጅ

ሬሳው ከቀይ ልብ ውስጥ ወጣ።

ልቡ የሰርግ ልብ ነበር፤ ጠርዙ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ፊኛ እየተነፋ የሚሄድ። ሲበቃው ለሁለት ተከፈለና ማሲላማኒ በአበባ ባጌጠው ቃሬዛ ላይ እንደተጋደመ ከመሀሉ ብቅ አለ። ከላይ የጽጌረዳ ቅጠል ዘነበበት። ቀጥሎም በወርቅ ቀለም «የሁለት ልቦች ጉዞ ተጀመረ» የሚል ጽሑፍ እየተሽከረከረ መጥቶ እግሩ ሥር አረፈ።

ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አፍጥጠው አዩ። ከዚያ አንዷ ጎረቤት ሳቋን ልትውጥ ስትታገል የወተት ቡናው በአፍንጫዋ ወጣ። ይሄኔ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የሟች ሚስት ቬዳቫሊ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች።

«ፓንዲ» አለች የሟች ልጅ ካያል፣ «አባቴን ለማን ነው የዳርክልን?»

ፓንዲ የሰፈራችን ቪዲዮ አንሺ ነው፤ ሰርግም፣ ልደትም፣ ቀብርም እሱው ነው የሚያነሳው። ሪሞቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ ካያል፣ እኔ ምን ላድርግ? ኮምፒውተሩ ነው። መጀመሪያውን ራሱ ነው የሚያስገባው። ለሁሉም እንዲሁ ነው።»

«ለሬሳም?»

«ሬሳ እኮ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።»

እውነቱን ለመናገር ፓንዲ ብዙም አልተሳሳተም። በኛ የፊልም ሠሪዎች ሰፈር፣ በኮዳምባካም፣ ዕድሜ ጠግቦ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ሰው አይለቀስለትም፤ «የሰርግ ሞት» ነው የምንለው። ከበሮ ይመታል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ጎረምሳው ከቃሬዛው ፊት እየጨፈረ ይሸኘዋል። ማሲላማኒ ሰማንያውን አልፎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ቀልድ ጀምሮ ሳይጨርስ ነው የሄደው። የቀልዱ መጨረሻ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ያጨቃጭቀናል። ደግሞ በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን መክፈት ነውር ነው፤ የሟቹ የራሱ ፊልም ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ማን እንደፈቀደው አላውቅም፣ ብቻ ይፈቀዳል።

ፊልሙ ቀጠለ። ከበሮው፣ መንገዱ፣ አቧራው፣ ከዚያ ሬሳ የሚቃጠልበት ሜዳ። እዚያ ላይ የሸክላ ማሰሮ በግራ ትከሻዋ የተሸከመች፣ ነጭ ሳሪ የለበሰች አንዲት ሴት የእንጨቱን ክምር ስትዞር ታየች። ካያል ነበረች። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ቆመ። ጥግ ላይ ሙዝ ሲልጥ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ኢኒያን ሙዙን ሳይጎርስ አቀረቀረ።

«አጥፋው በቃ» አለች ቬዳቫሊ፣ «ሰው ይብላበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በደንባችን የአባትን እሳት የሚለኩሰው የበኩር ወንድ ልጅ ነው። ሴት እንኳን ልትለኩስ፣ ሜዳው ድረስም አትሄድም፤ ከበር ላይ ነው የምትመለሰው። ኢኒያን ግን የሚሠራው ሙስካት ወደብ ላይ ነው፤ የዚያን ዕለት ማዕበል ተነስቶ አውሮፕላኑን አገደው። ሙቀቱ ሬሳ አያስጠብቅም፤ ፀሐይም እየዘቀዘቀች ነበር። ካህኑ «ማነው የሚለኩሰው?» ሲሉ ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ዝምድና ቆጠሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ካያል ጫማዋን አውልቃ ማሰሮውን አነሳች። ለኮዳምባካም ይሄ የሁለት ቀን ወሬ ነው። ለገጠሩ ዘመድ ግን ሌላ ነው።

ቬዳቫሊ ልጇን ወደ ጓዳ ጠራቻት። በሐዘን ቤት ምድጃ ስለማይነድ ጓዳው ጎረቤት ባመጣው የምግብ ዕቃ ተሞልቶ ነበር።

«አክስትሽ ሶርናም ሊመጡ ነው» አለች። «ለአሥራ ስድስተኛው ቀን።»

አሥራ ስድስተኛው ቀን ሐዘን የሚዘጋበት ነው። አክስት ሶርናም የማሲላማኒ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ወንድማቸውን በጎናቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ደክሞ ለቀብሩ መድረስ አልቻሉም።

«እሰይ፣ ይምጡ» አለች ካያል።

«በስልክ ጠየቁኝ። ‹ልጁ እሳቱን ለኮሰለት ወይ?› አሉኝ።»

«እና?»

«አዎ አልኳቸው።»

ካያል የያዘችውን ክዳን አስቀመጠች።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለች ቬዳቫሊ። «ዘጠና ዓመታቸው ነው። ወንድሜ በልጁ እጅ አልሄደም ብለው እህል ውኃ ቢተዉ ማን ይመልሳቸዋል? ፊልሙን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አሉ።»

«እማዬ፣ ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል።»

«ለዚህ እኮ ነው አንቺን የምነግርሽ። ወንድምሽን አስገቢው።»

«የት ላይ?»

«አንቺ ያለሽበት ላይ።»

ካያል ክዳኑን መልሳ አነሳች። እናቷ እጇን ያዘቻት።

«አባትሽ ስንቱን አገናኝቷል። ተያይተው የማያውቁትን ሰዎች አስተቃቅፏል። ላንቺ ይሄ ምን ይከብድሻል?»

ማስተቃቀፉ እውነት ነው። ማሲላማኒ ፊልም ቆራጭ ነበር፤ ካያልም ሙያውን ወርሳለች። ሌላው የቀረጸውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፤ ከዚያ ሕዝቡ ያለቅሳል። ካያል ገና ስትድህ ጀምሮ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ የተቆረጡ ፊልሞች ከሽቦ ላይ እንደ ሪባን ተንጠልጥለው፣ ጫፋቸው ነጭ ከረጢት ውስጥ እየገባ፣ እሷ ከሥራቸው ትጫወት ነበር። አንድ ወቅት አብረው የሚሠሩ ሁለት ትልልቅ ተዋንያን እንደ ድመትና አይጥ ሆኑ። እሱ ጠዋት መጥቶ ይሠራል፤ እሷ እሱ መሄዱን በዘበኛ ሳታረጋግጥ ከመኪናዋ አትወርድም። ሥራው ደግሞ የፍቅር ፊልም ነው። ሰውየው «ያላንቺ ሕይወት የለኝም» እያለ የለመነው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የመጥረጊያ እንጨት ነበር። ሴትየዋ እንባዋን እያፈሰሰች ያየችው ደግሞ የፋኖስ ማስቀመጫ።

«ተመልከች» አላት አባቷ፣ ሁለቱን ቁራጭ ለብርሃን ይዞ። «እሱ ወደ ቀኝ ያያል። እሷ ወደ ግራ ታያለች። ሳጣብቃቸው ዓይን ለዓይን ተያዩ ማለት ነው። በመሀላቸው ግማሽ ቀን ነበር፤ እሱን በመቀስ አወጣሁት።»

ፊልሙ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ሁለቱ በድብቅ ተጋብተዋል አለ። ያልተመቸችው አንዲት ቦታ ብቻ ነበረች። ሴትየዋ በስህተት ወደ ተሳሳተው ጎን አይታ ተቀርጻ ነበርና ማሲላማኒ ፊልሙን ገልብጦ ቀጠለው። ዓይኖቹ ተገናኙ፤ ሁሉም አጨበጨበለት። የሳሪው ጫፍ ግን ሁልጊዜ ከሚጣልበት ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ቀረ። ወንዶቹ ስቱዲዮ ውስጥ ሆነው ስንቴ አይተውት ማንም አላወቀ። በየገጠሩ ያሉ ሴቶች ግን ገና ከመታየቱ «ይቺን ማን ነው ያለበሳት?» እያሉ ተንጫጩ። ማሲላማኒ በዚህ ጉድ ዕድሜ ልኩን ይስቅ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ሳያወራ ቡና አያስጠጣም።

ካያል ከጓዳ ወጥታ ወንድሟ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«ሰምተሃል?»

«ግድግዳው ስስ ነው» አለ ኢኒያን። ፀጉሩን ለሐዘን ተላጭቶ ነበር፤ ራሱ ላይ ያለውን የአረብ አገር ፀሐይ ያልነካው ነጭ ቆዳ ያሻሻል። «አታድርጊው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ትነግራቸዋለህ?»

«አልነግራቸውም» አለ። «እፈራቸዋለሁ። አምሳ ዓመቴ ነው፣ አሁንም እፈራቸዋለሁ።»

ካያል ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

«አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንድ ሰሌዳ አለ» አለ። «ባየሁት ቁጥር ሰዓቱን ወደፊት ይገፋዋል። እኔ ደግሞ አባባ እየጠበቀኝ ነው። ያን ጊዜ ማንን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? አንቺን። ምነው ካያል እዚህ ኖራ ይቺን ቀን ቆርጣ ብትጥልልኝ አልኩ።»

ይቺ ንግግር አንጀቷን በላችው። እሳቱ የእሷ ነበር፤ ማንም ሳይሰጣት ወስዳዋለች፤ በልቧም ይዛዋለች። ግን ወንድሟን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ማየት አልቻለችም።

«ማሰሮ ትሸከማለህ?» አለችው።

«የፈለግሽውን እሸከማለሁ።»

ቀረጻው በነጋታው ከምሽቱ በፊት፣ ቤታቸው አናት ላይ ባለው ሰገነት ሆነ። ጀምበሯ ሜዳው ላይ እንደነበረችው ስትዘቀዝቅ ፓንዲ ካሜራውን ተከለ። የተሰጣው ልብስ ተለቀመ። ኢኒያን ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ነጭ ሽርጡን ታጥቆ፣ ማሰሮውን ታቅፎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሆድ ወደ ውስጥ» አለ ፓንዲ።

«ገብቷል።»

«ይሄ ነው የገባው?»

ቬዳቫሊ ወደ ሰገነቱ ባስወጣችው የሰርግ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመራ ነበር። «በግራ ትከሻህ። በግራ አልኩህ። ቀኝህን ነው ያሳደግኩት እንዴ?» ትላለች። መጀመሪያ ሲዞር የልብስ ማስጫው ገመድ አንገቱን ያዘው። ሁለተኛ ሲዞር የጎረቤት ልጆች ከወዲያኛው ጣሪያ «ማን ሞተ?» ብለው ጮሁና ኢኒያን በሳቅ ፈረሰ። ማሰሮው ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ሌላ መጣ። ፓንዲ እያነባ ይስቃል፤ ካያል የሳሪዋን ጫፍ ነክሳለች፤ ቬዳቫሊ «ሐዘን ላይ ነን፣ ትንሽ እንፈር» እያለች ራሷ ትንፈራፈራለች። ማሲላማኒ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ደስ ያለው ያን ጊዜ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ቬዳቫሊ ቢላዋ ይዛ ተነሳች። በደንቡ ተሸካሚው ሲዞር ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ማሰሮውን በቢላዋ ጫፍ ይበሳል፤ ውኃውም እየፈሰሰ ይሄዳል። ሰገነቱ ላይ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም። ቬዳቫሊ ልጇን ተከትላ ማሰሮውን በሳችው።

ቀዝቃዛው ውኃ በኢኒያን ጀርባ ወረደ። ኢኒያን ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቁ እዚያው ቀረ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሌላም ሄደ። ከዚያ «አባባ፣ አልደረስኩልህም» አለና ድምፁ ተሰበረ። ማንም «ቁም» አላለውም። እያለቀሰ ዞረ፣ እናቱም እያለቀሰች ከኋላው እየበሳች ዞረች፤ መጨረሻ ላይ ማሰሮውን ሳያይ ወደ ኋላው ለቀቀው። ፓንዲ ካሜራውን እንደያዘ በክንዱ ዓይኑን አሸ።

ካያል ምድር ቤት ባለው የሥራ ክፍሏ በር ዘግታ ተቀመጠች። አባቷ በመቀስ ይሠራው የነበረውን እሷ በኮምፒውተር ትሠራዋለች፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ከሰገነቱ እስከ ማቃጠያው ሜዳ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ግን የአንድ ጣት ውፍረት አይሆንም። ሜዳው ላይ የቆመውን ሕዝብ አስገባች። ቀጥሎ የኢኒያን ትከሻ። ቀጥሎ የሕዝቡ እግር። ቀጥሎ ውኃው በጀርባው ሲወርድ። ከሥር የሜዳውን ከበሮ ሳታቋርጥ ዘረጋችው፤ ጆሮ ካልተጠራጠረ ዓይን ይከተለዋል ይል ነበር አባቷ። ችቦ የያዘው እጅ የእሷ ነው፤ አምባሯ ይታያል። አምባሩ ከምስሉ እስኪወጣ ድረስ አጠበበችው። ከዚያ እሳቱ፤ እሳት የማንም ነው።

ሲያልቅ አየችው። አንድም ስንጥቅ የለውም። ኢኒያን ማዕበሉን አልፎ በሰዓቱ ደርሷል። እሷ ግን የለችም። እንደ ቆራጭ ኮራች፤ እንደ ልጅ ግን ከፋት።

አባቷ አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ ፊልም ሲወጣ ትኬት ገዝቶ ይገባና ከፊተኛው ረድፍ፣ ጀርባውን ለፊልሙ ሰጥቶ ይቀመጣል። የሚያየው ሕዝቡን ነው። አንድ ቀን ካያልንም አዙሮ አስቀመጣት። ከኋላዋ፣ ፊልሙ ላይ፣ አንድ ሰው ፍቅረኛውን ሊሰናበት ወደ አውቶቡስ እየሮጠ ነበር። አውቶቡሱ በእውነት ሲነሳ ጥቂት ትንፋሽ አይፈጅም፤ አባቷ ግን ጎማውን፣ ቀጥሎ የሴቲቱን ጣት፣ ቀጥሎ የሹፌሩን መስታወት፣ ቀጥሎ የሯጩን ጫማ፣ ደግሞ ጎማውን እያስገባ እንዳይነሳ አድርጎታል። ካያል የሕዝቡን ፊት አየች፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ጉልበታቸው ከወንበሩ ተነስቶ። አንዲት አሮጊት ጫማቸውን አውልቀው በፊልሙ ሹፌር ላይ ወረወሩት፤ ጫማው ማሲላማኒን ትከሻው ላይ መታው። እሱ ጫማውን አንስቶ እስኪያንቀው ሳቀ።

«አየሽ» አላት። «አውቶቡሱን አቁመው የያዙት እሳቸው ናቸው። ሰዓቱን ብትዋሺ ሰው ይቅር ይልሻል፤ እንዲያውም ያግዝሻል። ሰውየውን የዋሸሽ ቀን ግን ጫማው የሚመጣው ወዳንቺ ነው።»

ካያል ይህን አስባ ጥቂት ተጽናናች። የዋሸችው ሰዓቱን ነው። ለቅሶው የወንድሟ የራሱ ነው፤ እንባው ውሸት የለበትም። ራሷን ከሰው አልቆጠረችም።

አክስት ሶርናም በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ከገጠር በኪራይ መኪና መጡ። ገና ከመውረዳቸው የቬዳቫሊን ጉንጭ ቆንጥጠው «ከስተሻል» አሏት፤ የኢኒያንን ሆድ በበትራቸው ነክተው «የዚችን ድርሻ አንተ ነህ የበላኸው?» አሉት። ካህኑ ሥርዓቱን አድርሰው ሄዱ፤ በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝ ቀረበ። እሳቸው ግን አልበላም ብለው ከቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር አስጎተቱ።

«በሉ፣ ወንድሜን አሳዩኝ።»

ፓንዲ ፊልሙን ከፈተ። የመክፈቻውን ቀይ ልብ ካያል ልታወጣው ነበር፤ ቬዳቫሊ ናት ይቆይ ያለችው። ልቡ ተከፍሎ ማሲላማኒ ብቅ ሲል አክስት ሶርናም አጨበጨቡ።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ። «ፊልም ነፍሱ ነበር። የድንኳን ሲኒማ ሲመጣ በጎኔ አዝዬው ነበር የምሄደው። አሸዋው ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጀርባውን ለፊልሙ ሰጥቶ የኔን ፊት ያያል። እኔ ሳለቅስ ያለቅሳል፣ እኔ ስስቅ ይስቃል። አንድ ቀን ዞሮ አላየም እኮ፤ ይሄ ልጅ ሞኝ ነው ብዬ ነበር።»

ካያል ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም።

ከበሮው፣ መንገዱ፣ ሜዳው አለፈ። ኢኒያን ማሰሮውን ተሸክሞ ሲወጣ አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲያለቅስ አብረውት አለቀሱ። እሳቱ ሲነሳ ሁለት መዳፋቸውን አገናኙ። ቬዳቫሊ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። ኢኒያን ላቡን ጠረገ።

«ድገሙልኝ» አሉ አክስት ሶርናም።

ፓንዲ ደገመው። አሁን ወንበራቸውን ይበልጥ አስጠጉ። ማሰሮውን አላዩም፣ እሳቱንም አላዩም፤ ዓይናቸው ከሕዝቡ መሀል የሆነ ሰው ይፈልግ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ዘወር አሉ።

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ?» አለች ቬዳቫሊ።

«ካያል ናታ። የት አለች?»

«እሷማ… እንደ ደንቡ ነው እንጂ። ከበር ላይ ተመልሳ።»

«ተመልሳ?» አሮጊቷ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ስልክ በደወለልኝ ቁጥር ‹ካያል እንዲህ ቆረጠችው፣ ካያል እንዲህ ቀጠለችው› ነው የሚለኝ። የኔን ደህንነት እንኳ የሚጠይቀኝ እሱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያቺ ልጅ አባቷን ከበር ላይ ሸኝታው ተመለሰች?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምን አድርጓት ነው? ተጣልተው ነበር እንዴ?»

ካያል እዚህ ጋ ነው ስህተቷ የገባት። ራሷን ስታወጣ የወጣው የእሷ መልክ ብቻ አልነበረም፤ አባቷ ልጁ ያልሸኘችው ሰው ሆኖ ቀርቷል።

«አልተጣላንም አክስቴ» አለች። «አልተመለስኩምም። እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ።»

ቬዳቫሊ ዓይኗን ጨፈነች። አክስት ሶርናም ወደ ኢኒያን ዞሩ።

«አንተስ?»

«አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ» አለ ኢኒያን። «አልደረስኩም አክስቴ። ሳልነግርዎ የቀረሁት ፈርቼ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ማሰሮ ተሸክሞ የሚያለቅሰው ማነው?»

«እኔው ነኝ። እዚሁ፣ ሰገነት ላይ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ማን ሞቶ?»

«አባባ።»

«ወንድሜ ስንቴ ነው የሞተው?»

ፓንዲ አፉን በእጁ ያዘ። የአክስት ሶርናም ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሊቆጡ ነው ብለን ስንፈራ ጥርስ በሌለው አፋቸው እንደ ልጅ ተንከተከቱ። ሳቃቸው ሲበርድ እንባቸው ቀጠለ።

«ለቅሶው ግን የእውነት ነበር?» አሉት ኢኒያንን።

«የእውነት ነበር።»

«አይቻለሁ። በል እንግዲያው አንተም ሸኝተኸዋል፤ ሁለት ጊዜ መሸኘት ክፋት የለውም። ቬዳቫሊ፣ አንቺን ግን ሩዜን ከበላሁ በኋላ ነው የምቆጣሽ።» ከዚያ ወደ ካያል ዞሩ። «ያልተቆረጠውን አሳዪኝ።»

ካያል ራሷ ከፓንዲ ካሜራ ላይ ከፈተችው፤ ከበሮ አልገባበትም፣ ልብ አልገባበትም፣ ነፋሱና የሰው ሳል ብቻ ነው። ነጭ ሳሪ የለበሰችው ሴት ዞረች፣ ማሰሮውን ወደ ኋላዋ ለቀቀች፣ ጀርባዋን ለክምሩ ሰጥታ ችቦውን አስጠጋች። የለኮሰ ዞሮ አያይም፤ እሷም አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው መጣች፣ ቀረበች፣ ፊቷ መስታወቱን ሞላው። አመድ፣ ላብና እንባ ተቀላቅሎ ጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቷል። ፓንዲ ያን ዕለት ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ ኖሯል። ፊቷ እዚያው ቆመ፤ የምትሄድበት የጠፋት ሴት ፊት ነው።

የካያል ጣት ሳታዝዘው ወደ ቁልፉ ሄደ። ማንኛውም ቆራጭ እዚህ ጋ ይቆርጠው ነበር። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ፤ አልተጫነውም።

አክስት ሶርናም በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። የሳሪያቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ፤ ምራቃቸውን ነካ አደረጉበትና መስታወቱ ላይ ያለውን ጉንጭ ቀስ አድርገው መጥረግ ጀመሩ።

«ጠቁረሽ ሞትሽ እኮ» አሉ ለምስሉ። «ቆይ፣ አትንቀሳቀሺ።»

ከኋላቸው የተቀመጠችው ካያል ጉንጯን ወደ እጃቸው በኩል ዘንበል አደረገች።